በወንድሜ ኮት ላይ የተሰመረ ጦርነት

ጦርነቱን የተከታተልኩት ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ነው። ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ሳወራ ያደከመኝ ጦርነቱ ይሁን መከታተሉ መለየት ያቅተኛል። ጅማ፣ መንደራ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ባለሱቁ ሐጂ ከውስጥ ጨርቅ ይለካሉ፤ ሬዲዮናቸው በመካከላችን ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ሦስተኛችን በእግሩ ጉዳት ያለ ጊዜው ጡረታ የወጣ አስር አለቃ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ሱሪው ካጠረ ወራት አልፈዋል፣ እሱ ግን ከበረንዳው አግዳሚ ወንበር አልተነሳም።

ያን ጊዜ የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን ይዞ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አሰንዳቦ ከእናታችን ጋር እያረሰ ይኖር ነበርና በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተመልምሎ ሚሊሺያ ሆነ። ተመልማዮቹ መጀመሪያ ጅማ ነበር የሚሰበሰቡት። በመኪና ከመጫናቸው በፊት ፈቃድ ለምኖ ወደ ሱቁ መጣና በጨርቆቹ መካከል እየዞረ አንድ ጥቁር ሱፍ መረጠ። «ስመለስ አገባለሁ፤ ይሄን ኮት ታደርግልኛለህ» አለኝ። ሐጂ «ይሄ የእኔ ምርቃት ነው» ብለው ለክተው ሰጡት። ልኩን ስወስድ ብብቱ ሥር ሜትሩ ሲነካው ይስቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነኩት አይችልም ነበር። «ቁም እንጂ አንተ!» ብዬ ተቆጣሁት። ልኩ ተወሰደ፣ ልጁ ሄደ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ ቀረ። እናቴ የመንገደኛ ልብስ ባለቤቱ ሳይመለስ መቀስ አይነካውም ትላለች፤ እኔም በልቤ አልተቃወምኳትም።

ካርታ እንሥራ ብሎ ያመጣው አስር አለቃው ነው። ሬዲዮኑ የቦታ ስም በጠራ ቁጥር በጣቱ አየር ላይ ሲያሰምር ይውልና ማንም ስለማይገባው ይናደዳል። ሐጂ ካርታ የሚባል ነገር ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ያ ረቢ! በዚህ ዘመን ካርታ ግድግዳ ላይ? የማን ሰላይ ናችሁ ቢሉን ምን ልንል ነው? ልጆች አሉኝ እኮ!» እውነታቸውን ነበር። በዚያ ዓመት ሰው በያዘው ወረቀት ምክንያት ከቤቱ ወጥቶ ይቀር ነበር። መላው የተገኘው ከእኔው ሙያ ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ጥቁር ጨርቅ ላይ የምናሰምረው አልቆ በሳሳ የደረቀ ሳሙና ነው፤ በብሩሽ አንዴ ሲጠረግ ምልክቱ የለም። ከኋላዬ ተሰቅሎ የነበረው ጥቁር ጨርቅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የወንድሜ። ከተሞቹን በስፒል ወጋኋቸው፣ ግንባሩን በሳሙና አሰመርኩት። የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ ብቅ ሲል ብሩሼን አንሥቼ ጠረግ ጠረግ አደርገዋለሁ፤ «የማን ኮት ነው?» ይለኛል፤ «የዘማች ኮት ነው» እለዋለሁ። ውሸት አልነበረበትም።

ከዚያ ጥር ሊወጣ ሲል የእኛ ጦር ዞሮ ማጥቃት ጀመረ። ብሎ ብሎ መሬቱ ራሱ የሚንሸራተት እስኪመስለን ድረስ ፈጠነ። ጠዋት ያሰመርኩትን ከሰዓት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ያሰመርኩትን በማግሥቱ። ሦስት ሰው ልብሱን ሊወስድ መጥቶ አላለቀም ብዬ መልሻለሁ። አስር አለቃው መጀመሪያ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እንዲህ ከፈጠኑ ስንቅ አይደርስላቸውም» ብሎ አስፈራራን። ስንቁ ሲደርስ፣ «ወደ ጅጅጋ በሚያስገባው የተራራ በር ፊት ለፊት ነው የሚገቡት» አለ። ጦሩ ተራራውን ከጀርባ ዞሮ ወረደ። «ብያችሁ አልነበር?» አለ እሱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሐጂ በሳቅ ሜትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። መሳቃችን አሁን ይገርመኛል፤ ግን ስቀናል።

ለገበያ አጋሮ ስወጣም ወሬው ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። ቡናውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ በመጎተቻ የሚያገላብጥ ሰው ሳይቀር ቀና ብሎ፣ «ጅጅጋ ገባን?» ይለኛል። ገባን! ማን ነው የገባው? አንተ ቡናህን እያሰጣህ፣ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ማናችን ነን የገባነው? ይህን አላልኩትም። «ገና ነን፤ ግን ቀርበናል» አልኩት፣ እኔም እንደ ሰዉ። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው የሚባለው ለእኛ ይመስለኛል። ወሬው በፈጠነ ቁጥር እኔ የምፈልገው አንድ ወሬ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ሬዲዮኑ ስንት ታንክ እንደተማረከ ይነግረኛል፤ ያ ሲነኩት የሚስቅ ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር አይነግረኝም።

እናቴ አንድ ጊዜ ለገበያ ጅማ መጥታ ሱቁ ገባች። የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ አደርገዋለሁ። «ወንድምህ የት ነው?» አለችኝ። ወደ ጨርቁ ዞሬ በኩራት መስመሩን አሳየኋት፤ «እዚህ ጋ መሆን አለበት»። ቀረብ ብላ አየችው፤ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሳሙናው ጣቷ ላይ ቀረ።

«ይሄ የልጄ ኮት አይደለም እንዴ?»

ብሩሼን አነሣሁ። ሐጂ ሊያረጋጓት ብለው፣ «እናቴ፣ አብሽሪ፤ ድል እያደረግን ነው እኮ፣ አልሐምዱሊላህ» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ድል ሲያደርግ ራቱን በልቷል?»

 ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

ጅጅጋ መያዟ በተነገረ ዕለት ስፒሉን ነቅዬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዤ አሰንዳቦ ሄድኩ። ከሌላ አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማ ፈልጌ ነው። ነገርኳት። «እንግዲያው ይመጣል ማለት ነው» አለች፤ «ኢንሻአላህ» አልኩ። ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቷ ሲፈታ አላየሁም። ተኛን።

በማግሥቱ የሆነውን ለመረዳት የእኛን አገር የመርዶ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ሽማግሌዎች ከሱብሂ ሶላት እንደወጡ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እህል ሳይቀመስ ይሰበሰቡና በዝምታ ደጅ ላይ ይቆማሉ። ማንም «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ አይጮኽም። በሩን የከፈተ ሰው ፊታቸውን አይቶ ያውቃል።

በዚያ ማለዳ የቀበሌው ሊቀመንበር ለድሉ ሰልፍ ሕዝቡን ሊያስወጣ አስቦ፣ «መጀመሪያ የዘማች ቤተሰቦችን እንኳን ደስ አላችሁ ብለን እንጀምር» ብሎ ሽማግሌዎቹን ከመስጊድ ደጃፍ ይሰበስባል። የእናቴ ቤት ከመንገዱ ዳር የመጀመሪያው ነው። «እዚያ ቁሙ፤ እኔ ጨርቅ ላይ የተጻፈውን መፈክር ይዤ እመጣለሁ» ይላቸዋል። እነሱም ቆሙ። ሊቀመንበሩ እስኪመጣ ምን ያውሩ? ዝም ብለው ቆሙ።

እናቴ ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ ልትቀዳ በሩን ከፈተች።

ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ «ኢልመ ኮ! ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ቀና ስል ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ደጁን ሞልተውታል። እኔም አልጠየቅኩም። ምኑ ይጠየቃል? እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እኔን አዩ። ማታ በመጨረሻው አውቶቡስ ከጅማ መውረዴን መንደሩ ሁሉ አይቷል። ለካ ልጁ መርዶ ይዞ ነው የመጣው አሉ በልባቸው። በዕድሜ የሚበልጡት ወደ ፊት መጡና «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ያቺ ሞት ሲሰማ የምትባል ቃል ለእኛ ማረጋገጫ ሆነች፤ የእኛ ለቅሶ ደግሞ ለእነሱ።

ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤቱ ደርሶ ነበር። ድንኳን ተተከለ። ሴቶች ምግብ ተሸክመው መጡ። አብሮት ከብት የጠበቀ ጓደኛው ራሱን ከግንድ ጋር እያጋጨ ሦስት ሰው ያዘው። አንዲት ሴት ሲነኩት እንዴት ይስቅ እንደነበር እያነሣች አስለቀሰችን። ሩቅ ያሉት የገጠር ዘመዶች ሳይቀሩ በእግር እየሮጡ ገቡ። አሰንዳቦ ለማንም እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁም። ሊቀመንበሩ የመፈክሩ ቀለም እስኪደርቅ አርፍዶ በመጨረሻ ቀይ ጨርቁን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሲመጣ ድንኳኑን አይቶ ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ «መርዶውን ማን አመጣው?» አላቸው።

«ልጁ ነዋ፣ ከጅማ» አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። «እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አልኩ።

«እኛማ እንኳን ደስ አላችሁ ልንል ነው የመጣነው።»

 ማንም ለማንም መርዶ አላመጣም። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እናቴ ብድግ ብላ ፊቷን ታጠበች። «ልጄ አልሞተም! በቁሙ ነው ያለቀሳችሁበት፤ አንሡልኝ ይሄን ድንኳን!» ብላ ካስማውን በገዛ እጇ ነቀለችው። በሕይወት ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ለሰደቃ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ያ ቀን በፊቷ እንዳይነሣ ለመንደሩ ሁሉ ተነገረ። መንደሩም አፉን ዘጋላት።

ጅማ ስመለስ አስር አለቃው ሳሙናዬን ይዞ ጠበቀኝ። «አሁን ወደ ጠረፉ ነው የሚገፉት፤ ና አስምር» አለኝ። «አንተ አስምር፤ እኔ ደክሞኛል» አልኩት። ጨርቁን ጠረግኩ፣ አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ተቀየመኝ፤ ለተወሰኑ ቀናት ሌላ በረንዳ ሄዶ ተመለሰ።

ከሚሊሺያዎቹ አንዳንዶቹ ተመለሱ። የአንዱ ቤት ትክክለኛው መርዶ ደረሰው። የእኛ ቤት ግን ምንም አልመጣም፤ ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። እናቴ አታለቅስም፣ አትስቅም፤ በር ሲንኳኳ ብቻ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትነሣለች። እኔ ሌላ ግንባር ሲከፈት፣ ሌላ ጦር ሲያጠቃ፣ ሌላው መልሶ ሲያጠቃ ሬዲዮኑን መስማት ተውኩ። የሚያሰምር ሌላ ሰው አይጠፋም።

ወደ አስር ዓመት ገደማ ሲሆን ሐጂ ከውስጥ ተጣሩ። ሁለቱ መንግሥታት እስረኞች ሊለዋወጡ ነው፣ ሶማሊያ እስር ቤት የነበሩት ሊመለሱ ነው ይላል ሬዲዮኑ። በዚያው ሳምንት ሣጥኑን ከፍቼ ጨርቁን አወጣሁ። በድሮው ልክ ቆርጬ ኮቱን ሰፋሁት። ሰውነቱ ከስቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ላጥብበው አስቤ፣ ሁለቴም ተውኩት። ይዤው አሰንዳቦ ወረድኩ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ አሰንዳቦ ለምሳ ይቆማል። እናቴ እዚያ ትቆማለች። ከእስር የተለቀቁት ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ከፀሐይ ዓይናቸውን ይከልላሉ፣ ሲጠሯቸው ይደነግጣሉ። የወንድሜን ስም እየጠራች አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች። የሊሙውን ሰው ጠየቀች፣ የሰቃውን ሰው ጠየቀች። «አላውቀውም እናቴ» ይሏታል። የመጨረሻው፣ የአጋሮ ሰው፣ እጇን ይዞ ስሞ፣ «ከእኛ አካባቢ ከዚህ በኋላ የሚመጣ የለም። እኔ የመጨረሻው ነኝ» አላት። መረቀችው። አውቶቡሱ ተነሣ።

አቧራው እስኪቀመጥ መንገዱ ዳር ቆመን ቀረን። ኮቱ ክንዴ ላይ ነበር። «ሽማግሌዎቹን ልጥራ? ድንኳን...» አልኩ።

ለአስር ዓመት ማንም ያላነሣውን ቀን ያነሣችው እሷ ናት።

«ያን ቀን ስንት ሰው አለቀሰለት?» አለችኝ።

«አገሩ ሁሉ» አልኳት።

«ከልባቸው ነበር?»

«ከልባቸው ነበር።»

«እንግዲያው ተለቅሶለታል፤ ይበቃዋል» አለችና ኮቱን ከክንዴ ወስዳ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።