ጸበል ጀምሬያለሁ

ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ነበር የነገረኝ። ኤችአይቪውን መድኃኒቱ ይዞልሃል፤ አሁን ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቶብሃል፣ ጉበትህን ጀምሮታል። «መድኃኒቱን እኛ እንሰጥሃለን። መጠጥና ሲጋራ የሚያቆምልህ ግን የለም» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም። ቀዳማይ ወያነ ሰፈርን በእግሬ አቋርጬ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ሲጋራው ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ የማኅበራችን ስዋ ነው። መቐለ ጠላን ስዋ ትለዋለች። በየወሩ ተራ የደረሰው አባል ቤት እንሰበሰባለን፣ ዋንጫው ይሞላል፣ አልጠጣም ያለ ይጠየቃል። ታመሃል? ተቀይመሃል? እኔ ደግሞ መጠየቅ አልወድም። የማያስጠይቅ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ጸበል የጀመረ ሰው አይጠጣም። «ጸበል ጀምሬያለሁ» አልኩ። ዋንጫው አለፈኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካኝም፤ በውሸቴ ሳልኮራም አልቀረሁ።

ከአባላቱ አንዱ ሓድነት ሰፈር የሚኖር አናጢ ነው። ከዓመታት በፊት የኤችአይቪ መድኃኒት የምንወስድበት ክፍል በር ላይ ተገጣጥመን፣ ሰላም ሳንባባል ተላልፈናል። ስለዚህ እሱ የኔን ያውቃል፣ እኔም የሱን። የጉበቴን ግን አያውቅም። መጠጡን ካቆምኩ ወዲህ ፊቴ ሲወዛ፣ ሰውነቴ ሲሞላ፣ ትክ ብሎ ያየኝ ነበር። ቅናት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ወር ከማኅበሩ ሲቀር ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋ ላይ ነው። አንገቱ ቀጥኗል፣ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል።

«መጣህ፣ ሓወይ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እኔም እንዳንተ አደረግሁ። ክኒኑን ትቼ በጸበሉ ብቻ ነኝ። ላንተ የሠራ ለኔ ምነው ዘገየ?»

እኔ ክኒኔን አንድም ቀን አልተውኩም። ጸበል ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የሚያጠምቁት ቄስ እንኳ መድኃኒታችሁን በጸበሉ ዋጡት ነው የሚሉት። ከኪሴ የማይለየውን የክኒን ብልቃጥ አውጥቼ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጉበቴን፣ ስዋውን፣ ውሸቴን። ቃለ ጉባኤ የማነብ ነበር የሚመስለው። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ እወስድሃለሁ፤ አሁንም ይቻላል» አልኩት።

ስድብ ጠበቅሁ። እሱ ግን ብልቃጡን አገላብጦ አየና ወንበሩ ላይ መልሶ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ሚስቱ እዚያ ሻይ እያፈላች ነበር።

«እሷም አቁማለች» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ያንተን ፊት እያሳየሁ።»

ትሪውን ይዛ ስትገባ ብልቃጡን ከወንበሩ ላይ አነሳሁላት።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ» አልኳት።