በእናቴ ድምፅ

ዛሬ ጠዋት አውሮፕላን የቡልቡላ ቤታችንን መስኮት እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ፣ በራችን ተንኳኳ። ከአልጋ መነሳት ካቃተኝ ሰንብቷል።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ቦሌ፣ ወንድሜ ለውትድርና ከታፈሰ በኋላ እናቴም እንዲሁ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጎረቤታችን በር ላይ ቆመው «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት አትመልስም። እግዜር እንዳይቀየማት ፈራሁና ቀዝቃዛው ቆርቆሮ በር ላይ ተለጥፌ፣ ድምጿን አስመስዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

በስሙ ስለዋሸሁ የሚቀስፈኝ መሰለኝ። ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው።

«አልዋሸሽም ልጄ» አሉኝ። «እሷ እስክትችል ምስጋናዋን አንቺ ያዥላት።»

እናቴ ምስጋናዋን መልሳ ሳትቀበለኝ ሞተች።

«እንዴት አደርሽ?» አለች ጎረቤቴ ከውጭ። ትንሿ ልጄ ከበሩ ጀርባ ቆማ፣ ድምፄን አስመስላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ሰማኋት።

እኔ አላስተማርኳትም።