የ«መፈተሻ»ን ሙዚቃ ያሰሙን ኦቦ ደቻሳ

ኦቦ ደቻሳ ማረፋቸውን የሰማሁበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ጠፍቶብኛል። የማስታውሰው፣ ልጃቸው ጫልቱ ደውላ «ጋሼ፣ አባዬ…» ማለቷን ነው። እኔም «ገባኝ ልጄ» ብዬ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ደረቴ ላይ አስደግፌ ብዙ ቆየሁ። ሳንባቸውን ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል። ሰው የጠበቀው ነገር ሲመጣ አይደነግጥም ይባላል፤ እኔ ግን ደነገጥኩ።

ብዙ አልተማርኩም። ቡራዩ ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ኦቦ ደቻሳን ያወቃችሁ ሁሉ፣ በተለይም በእሳቸው ሱቅ በኩል ያንን ሙዚቃ የለመዳችሁ፣ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ከእኔ ስሙ ብዬ ነው።

እሳቸው የቴፕ፣ የሬዲዮና የሞንታርቦ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ከእኔ ሱቅ ጀርባ ነው። የተቀደደ ድምፅ ማጉያ በወረቀትና በሙጫ ሲጠግኑ ላያቸው፣ የሰው ቁስል የሚያሽጉ ይመስሉ ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ አንዲት ሲዲ ያወጡና በሸሚዛቸው ጫፍ ወልወል አድርገው ይከፍቷታል። ሲዲዋ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «መፈተሻ» ብለው ጽፈውባታል። የተገኘችው ሰበታ አበባ እርሻ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ለጥገና ካመጣው ማጫወቻ ውስጥ ነው። ሰውዬው ሳይመለስ ቀረ። ኦቦ ደቻሳ ማጫወቻውን በላስቲክ ጠቅልለው እስከ መጨረሻው አስቀመጡለት። ሲዲዋን ግን «ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ታግዘኝ» ብለው አስቀሯት።

አንድ ጊዜ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመስጊዳችን ሞንታርቦ ድምፁ ታፈነ። ከልጄ ከኑሪ ጋር ተሸክመን ወሰድነው። ኑሪ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ዓለም ገና ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣልኛል። ኦቦ ደቻሳ ጠግነው ጨረሱና ሲዲዋን ከፈቱ። ከመስጊዱ ሞንታርቦ ከምድር በታች የመጣ የሚመስል ግሣት ወጣ።

«አዑዙ ቢላህ! ኦቦ ደቻሳ፣ የመስጊድ ዕቃ ነው እኮ!» አልኩ።

«አውቃለሁ። አይደንግጡ፣ ሰዎች ናቸው፤ እየዘፈኑ ነው።»

«ይህ ዘፈን ከሆነ የተጣላ ሰው ምን ሊል ነው?»

«ትንሽ ይታገሱት፣ ይለሰልሳል።»

እውነትም ለሰለሰ። ጩኸቱ ቆመና ክራር የመሰለ ጊታር ብቻውን ቀረ። ያ ሲያገሣ የነበረው ሰው፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ዘፈነ። ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ምድሩ እንደገና ተናወጠ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። ኑሪ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ለምን በዚህ ይፈትሹታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሌላው ዘፈን ሞንታርቦውን ያባብለዋል፣ ልጄ። ይሄ ግን ወፍራሙንም፣ ቀጭኑንም፣ ዝምታውንም ይጠይቀዋል። ይህን የቻለ አዛን ይችላል፤ ቅዳሴም ይችላል።»

ቅዳሴ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑም ሞንታርቦ የሚጠገነው እዚያው ነው። ዲያቆኑ መጀመሪያ የሰማ ዕለት «ልቀቅ በሉት! ጸበል ቦታ የተቀዳ ነው እንዴ?» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ምንም የተበላሸ ዕቃ ሳይዝ ተመለሰና በር ላይ ቆሞ፣ «ያቺ የምትለሰልሰው ቦታ አልፋለች?» አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ ደህና ሬዲዮዋን «ትንሽ ይንኮሻኮሻል» እያለች ሦስት ጊዜ አመላለሰችው። ኦቦ ደቻሳ ሁሉን ያውቃሉ፤ ሬዲዮውን ፈታ አድርገው ይገጥሙትና ሙዚቃውን ይከፍቱላታል። እኛ ሰፈር መፈተሻን ያወቅነው እንዲህ ነው። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ዕቃው ከዳነ በኋላም ይመጣ ነበር።

የባንዱን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሲዲዋ ላይ «መፈተሻ» ስለሚል መፈተሻ ተባለ። ኑሪ በስልኩ ቀድቶ ዓለም ገና ላሉት ጓደኞቹ አዳረሰው። አንድ ቀን አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ገብቶ «የመፈተሻ አዲስ አልበም አለ?» ቢል፣ ሻጩ «ፍተሻውን በር ላይ አልፈህ አይደል የመጣኸው? እዚህ ሙዚቃ ነው የምንሸጠው» አለው። ይህን ሲያወራልን ኦቦ ደቻሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። በኋላ ኑሪ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ «አባ፣ ዓይነቱ ፕሮግሬሲቭ ዴዝ ሜታል ይባላል» አለኝ።

«ዴዝ ምንድን ነው?»

«ሞት።»

«እንግዲያ መፈተሻ በሉት፤ እሱ ይሻላል» አልኩት። ሳቀብኝ።

አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ኦቦ ደቻሳ ከአባታቸው የወረሷት ትንሽ መሬት ወደ ገፈርሳ በኩል ነበረቻቸው፤ አንድ ጠዋት ችካል ተተክሎባት አገኙ። ስለዚሁ በተጠራው ስብሰባ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ እሳቸው ተነሡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ቁጭ አሉ። ማታውን ከሱቃቸው የሚወጣው ድምፅ የእኔን መደርደሪያ አንቀጠቀጠው። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ድምፁን ቀንሰው፣ «እኔ መጮህ አይሆንልኝም፣ ኦቦ ሸምሱ። በልጅነቴም አልችልም ነበር። እነዚህ ሲጮሁልኝ ይቀለኛል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬን መያዝ ተውኩ።

ከዚያ መንገድ መዘጋት መጣ፤ ጎማ መቃጠል መጣ። አንድ ቅዳሜ ኑሪ ሳይመጣ ቀረ። ስልኩ አይጠራም፤ ታክሲ የለም። እሑድ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ የጫማቸውን ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ደጄ ቆሙ።

«ይነሱ፣ እንሂድ።»

«መንገዱ ተዘግቷል እኮ።»

«የተዘጋው ለመኪና ነው።»

በወጨጫ ተራራ ግርጌ በገበሬ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሄድን። ሳንባቸው ያኔም ደህና አልነበረም፤ ዳገት ሲሆን ይቆማሉ፤ ቆመው ግን «ደክሞኝ አይደለም፤ አገሩን እያየሁ ነው» ይሉኛል። ዓለም ገና መግቢያ ላይ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተው «ኤሳ ዴምቱ?» አሉን፤ ወዴት ነው የምትሄዱት ማለታቸው ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ከሌላ አገር መምጣቴ ይታወቅብኛል፤ ፈራሁ። ኦቦ ደቻሳ ፊቴ ቆሙና የቡራዩ ሞንታርቦ ጠጋኝ እንደሆኑ፣ ልጅ ፍለጋ እንደመጣን ነገሯቸው።

«የመፈተሻው ሰውዬ?» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ወደ እኔ ጠቆመና፣ «እኚህ ሽማግሌም መፈተሻን ይሰማሉ?»

«አዎ፣ ይሰማሉ» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«እስቲ ያሰሙን! ፋዘር፣ እስቲ አንዴ ያግሡልን!»

ልጆች ናቸው፤ ለክፋት አልነበረም። እኔም መንገዱን ቢከፍቱልኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የዘፈን አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረው የልጄ ነገር ነው የወጣው። ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም። ስጨርስ የሚስቅ የለም። ከመካከላቸው አንዱ ኮፍያውን አወለቀና በቀስታ «የኑሪ አባት ነዎት?» አለኝ።

በአወላለቁ ነገሩ ገባኝ። ኦቦ ደቻሳም ገባቸው፤ ክንዴን ያዙ።

ልጆቹ ድንጋዩን በእጃቸው አነሱልንና ከፊታችን ሄዱ። ኑሪ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር፤ ካረፈ ሁለት ቀኑ። በማን ጥይት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ወደ ቡራዩ እንድናመጣው መኪና የለመኑት፣ የተከለከሉት፣ ደግመው የለመኑት ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ቀብሩ ላይ በሃይማኖታችን ሥርዓት ጣልቃ ላለመግባት ከኋላ ቆሙ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ግን እሳቸው አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ሱቃቸው ጸጥ አለ። ሥራ ትተው አይደለም፤ መፈተሻዋን ለእኔ ሲሉ መክፈት ትተው ነው። የጠገኑትን ሁሉ ማይክ ይዘው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይፈትሹ ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ። ደንበኛ «ኧረ ኦቦ፣ በዚህ እንዴት ይታወቃል?» ሲላቸው «ይታወቃል፣ ይታወቃል» ይላሉ። እኔ በግድግዳው ማዶ ጨርቄን እየለካሁ ያን «አንድ፣ ሁለት» ስሰማ ቀኑ ይመሽልኛል።

አንድ ቀን ተነሥቼ ገባሁና «ይክፈቱት» አልኳቸው።

«ይቆይ፣ ኦቦ ሸምሱ።»

«ልጄ የወደደው ነው። ይክፈቱት።»

ከፈቱት። ያቺ የምትለሰልሰው ቦታ ስትደርስ ኦቦ ደቻሳ ፊታቸውን ወደ መሣሪያ ሳጥናቸው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ዓይቻለሁ፤ እሳቸው እንዳላየሁ እንዲመስላቸው ወደ በሩ ዞርኩ። ስትጨርስ ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን።

ኦቦ ደቻሳ፣ አንቱ በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ልጄን ካገኘነው ሰዓት ጀምሮ እኔ መኖር አልፈለግኩም ነበር። ኑሪን ቀብሬ ልከተለው አስቤ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በዚያች የጭነት መኪና ከኋላ ተቀምጠን ስንመለስ ግን አንቱ እጄን ይዘው ነበር፤ ቡራዩ እስክንገባ አልለቀቁኝም። እጄ ሲሞቅ ሐሳቤን ተውኩት። ይህን በአፌ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ሱቅዎ መጥቼ፣ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመለስኩ። አሁን ጻፍኩት፤ ዘግይቻለሁ። መልካም ዕረፍት ይስጥዎ፤ ሳንባዎም ከእንግዲህ ይረፍ። ሰዎች «ያን ጊዜ እንዴት ተሻገርከው?» ሲሉኝ «አላህ ረዳኝ» እላለሁ፤ እውነት ነው። በማን እጅ እንደረዳኝ ለሚጠይቀኝ ግን መልሴ አንድ ስም ነው፦ ደቻሳ ፉፋ።