አትምረጪልኝ

ለታላቅ እህቴ «ገደል ማሚቶ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አባባ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሲሠራ ፈንጂ ጆሮውን አደንቁሮታል፤ ጆሮው ሥር ካልተናገሩት አይሰማም። ቤት ውስጥ የተባለውን ሁሉ ጆሮው ሥር ሆና የምትደግምለት እትዬ ነበረች። አጎታችን «ሰውየው ዛሬም ነገር አበዛ» ብሎ ሲያጉረመርም እንኳ ሳታስቀር ታደርሳለች። ስንቱ እንግዳ አኩርፎ ሄዷል! ልሸፋፍን ብትል ደግሞ አባባ ከፊቷ ያውቅባታል። «አትምረጪልኝ፤ መምረጡን ለእኔ ተይው» ይላታል።

አድጋ አስተርጓሚ ሆነች። ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?

ከሰፈራችን በላይ ማዕድን የሚያወጣ ኩባንያ አለ፤ ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት ነዋሪውን ሰብስቦ ለጥያቄው መልስ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ እትዬን በኮንትራት ቀጠራት። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ሥራ ነበር። የስብሰባው ቀን እኔና አባባ ከኋላ ተቀመጥን።

አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ከቤታችን በላይ ያለው የማዕድኑ ቆሻሻ ውሃ ግድብ እንዴት ነው? ልጆቻችንን ይዘን ተማምነን እንተኛ?» አለች።

«ምንም ችግር የለበትም» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፤ እትዬ ተረጎመች። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጠው የኩባንያው መሐንዲስ ዘንበል ብሎ በቋንቋው ሹክ አለው። እትዬ ማይክሮፎኑን አላወረደችም።

«የስንጥቁን ነገር ፈቃዱ እስኪታደስ እንዳታነሣ እያሉት ነው» አለች።

የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሮጦ መጣ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ አይተረጎምም» አላት በለሆሳስ።

«ይሄ አይተረጎምም ይላሉ» አለች ለሕዝቡ። አንዳንዱ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ የሆነውን ከኃላፊው ሲሰማ ፊቱ ቀልቶ አጠር ያለ ነገር ተናገረ።

«ተባረሻል ይላሉ» አለች እትዬ። ድምጿን አልቀነሰችም።

«እንግዲያው የስንጥቁን ይንገሩን» አለች ያቺ እናት፤ «ሳንሰማ ማንም ከዚህ አይወጣም።» ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። በመጨረሻ መሐንዲሱ ላቡን ጠርጎ ቆመና መናገር ጀመረ፤ ከሥራ የተባረረችው እትዬም ቃል በቃል ትተረጉም ጀመር።

አባባ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ምን አሉ?»

መባረሯን ልዘለው ዳዳኝ። ዓይኑን አየሁና ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።