ላንቃዬ ላይ ያበጠው ነገር

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ላንቃዬ ላይ ባቄላ የሚያክል ጠንካራ እብጠት በምላሴ አገኘሁ። ነቀርሳ መስሎኝ ፈራሁ፤ ለሰው መናገር ግን አፈርኩና ደብቄው ከረምኩ። አንድ ቀን እማዬ ሳዛጋ አየችውና እየጎተተች ካዛንቺስ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ በጣቱ ነካካው፤ ራጅም አስነሳኝ።

“ዶክተር፣ በእመብርሃን፣ ልጄ ትሞትብኛለች?” አለች እማዬ።

“ኧረ አይስጉ! ክፉ ነገር አይደለም፤ አጥንት ነው። ካላስቸገራት አንነካውም። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል፤ እስቲ እርስዎም አፍዎን ይክፈቱ።”

“እኔ ምን ሆንኩና!” ብላ ተቆጣች፤ ግን ከፈተች። ሐኪሙ ባትሪ ሲያበራ እኔም አጮልቄ አየሁ። ክው አልኩ! የእሷ የእኔን ሁለት እጥፍ ያክላል።

እማዬ ጣቷን ከትታ ዳሰሰችው።

“ይሄን ነው እንዴ የምትሉት? ሰው ሁሉ ያለው መስሎኝ!”