ለቢያድጌ ያዋስኩት አንደበት

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ይዤ ነው። ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ፤ የባለጉዳይ አቤቱታ እየጻፍኩ እተዳደር ነበር። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የንብ ቀፎ የተሰረቀባት ሴት ነበረች። የሌባውን ዱካ ከቀፎው ሥር አስነሥቼ፣ ስሙን እስከ መጨረሻው መስመር ደብቄ ጻፍኩላት። ዳኛው አስጠሩኝ።

«አቤቱታ እንዲህ አይጻፍም። የተከሳሽ ስም ከላይ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። «ደግሞም እስክጨርሰው ከእጄ አላስቀመጥኩትም» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ደራሲ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የምርመራ ልብወለድ አጻጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። በዋግ ምድር በዚህ ሙያ የቀደመኝም፣ የተስተካከለኝም አላየሁም።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የመጨረሻውን ምዕራፍ እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ፍንጮቹን እበትናለሁ። ዋናውን ፍንጭ የማስቀምጠው አንባቢው በሚስቅበት ገጽ ላይ ነው። የሚስቅ ሰው አያይም።

መርማሪዬ ሻምበል ናሁሰናይ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ፣ ንግግሩ የጠራ ሰው ነው። ሌባው ቢያድጌ ነው። ለቢያድጌ ከአገሬ የተሻለ አንደበት አላገኘሁለትም። እኛ የፃግብጂ ሰዎች ነን፤ በቤታችን የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው። እኔ አማርኛዬን ከሬዲዮና ከመጽሐፍ አጥርቼ ነበር፤ ከየት እንደመጣሁ የሚጠረጥር አልነበረም። ቢያድጌን ግን እንደ ታላላቆቼ አናገርኩት፤ ወንዱን «አንቺ» እያለ፣ ቃሉን ከጉሮሮው እየጎተተ።

አዲስ አበባ ያለው አሳታሚዬ ረቂቁን አንብቦ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ሌባህ ወርቅ ነው! ጨምርበት፣ ብዙ አናግረው» አለኝ። ጨመርኩበት። በየመጽሐፉ ቢያድጌ ከእስር ቤት ወጥቶ እንደገና ይሰርቃል፤ እንደገና እየተንተባተበ ይያዛል። መጽሐፎቼ ወልድያና ደሴ ድረስ ተሸጡ። ለሥራ ተመድበው የሚመጡ መምህራንና የጤና ሠራተኞች እየተዋዋሱ ያነቧቸው ነበር።

ሰቆጣ ውስጥ መጽሐፍ የምታከራይ ወይዘሮ አልጋነሽ የምትባል ሴት ነበረች። የተከራይ ተንኮል ታውቃለች፤ አንዳንዱ የገዳዩን ስም መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎ ይመልስላታል።

«ያንተን መጽሐፍ ግን ማንም አያበላሽብኝም» አለችኝ።

«ስለሚያከብሩኝ ነዋ።»

«ኧረ ተው እባክህ! ሰውዬው አፉን ሲከፍት ሌባው ይታወቃል፤ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

ምቀኝነት መሰለኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ታላቅ ወንድሜ አያ ኪሮስ የጭነት በቅሎው ተሰረቀችበት። እህል ገበያ የሚያወጣባት፣ ያለችውም እሷ ብቻ ነበረች። በቅሎዋን ከሰቆጣ ወጣ ባለች ከተማ አንድ ነጋዴ ግቢ ታስራ አይቷታል። አቤቱታውን በነጻ ጻፍኩለትና ወደዚያች ከተማ ፖሊስ ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። የምርመራ መጽሐፍ ደራሲ ወንድም አለኝ ብሎ ልቡ ሞልቶ ነበር።

ቃል የሚቀበለው ወጣት ፖሊስ ስሜን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ሁሉንም አንብቤአለሁ!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ባልደረቦቹን ጠራ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አያ ኪሮስ መናገር ጀመረ። «በቅሎው የኔ ናት። ጆሮው ላይ ምልክት አላት። አንቺ ራስሽ መጥተሽ እይ፣ ጌታዬ» አለ።

 ከባልደረቦቹ አንዱ ከበሩ በኩል፣ «ቢያድጌ! ዛሬ ደግሞ ምን ሰረቅክ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱ ፖሊስ እንባውን እየጠረገ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ይቀጥሉ፤ በቅሎዋ እውነት የእርስዎ ናት?» አለው። ያንን ጥያቄ በመጽሐፎቼ ቢያድጌን የሚጠይቀው ሻምበል ናሁሰናይ ነው። በዚያው ድምፅ ነው የጠየቀው።

ወንድሜ መጽሐፍ አያነብም። ቢያድጌ ማን እንደሆነ አያውቅም። ግን ወደ እኔ ዞረ። እኔም አብሬ ፈገግ ብዬ ነበር። ፊቴ ላይ የነበረውን ነገር አየው።

ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። በፃግብጂ መንገድ ላይ ደረስኩበት።

«አያ፣ እባክህ ተመለስ። እኔ እናገርልሃለሁ።»

በኽምጣንጋ መለሰልኝ። «አንተማ ተናግረህልኛል» አለኝ።

ብቻዬን ተመልሼ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። «ባለቤቱ ቃሉን ካልሰጠ አይሆንም» አሉኝ። በቅሎዋ በነጋዴው ግቢ ቀረች። አያ ኪሮስ ከዚያ በኋላ እህሉን በጀርባው ተሸክሞ ነው ገበያ የሚወጣው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ሲያልፍ አየዋለሁ። ሰላምታ አልነሳኝም፤ አማርኛ ግን በሰው ፊት ሲናገር ዳግም አልሰማሁትም።

ቀጣዩን መጽሐፌን ስጽፍ ሌባውን እንደ ሻምበሉ ጥርት አድርጌ አናገርኩት። እስከ መጨረሻው ገጽ ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ በሥራዬ ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው። አልተሸጠም። አሳታሚው «ቢያድጌን መልስልን» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። አሮጌዎቹ ግን ዛሬም ይከራያሉ።

ይህን ሙያ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ ለሌባችሁ የማንን አንደበት እንደምትሰጡት አስቀድማችሁ እወቁ። መጽሐፉ ሲዘጋ ሌባው እዚያው ይቀራል፤ ባለአንደበቱ ግን ለጉዳዩ ሰው ፊት ይቆማል።