ከለቅሶ ቤት የመጣ ፓስወርድ

ልጄ የምትሠራው አምቦ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ የተማሪ ውጤት በሚያዝበት ክፍል ነበር። ውጤቱ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ዳታቤዝ በሚሉት ላይ ነው። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የምትለው እሷ ናት፤ ለሠራተኛው ስምና ፓስወርድ ትሰጣለች፣ እነሱ ደግሞ በራሳቸው ይቀይሩታል። እኔ ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው። ይህንን ያወቅሁት እዚያ ቁጭ ስል ነው፤ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስለገባች እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑን አዝዬ ለጡት እወስድላት ነበር። ክረምት ነው ደግሞ፣ የዚያ መንገድ ጭቃ ጫማ ያስቀራል።

የዚያን ቀን ስገባ ቁጭ በይ ያለኝ የለም። ኃላፊዋ ከአጠገቧ ቆሟል። የአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ተቀይሮ ተገኝቷል፤ የቀየረው ሰው የገባው እዚያው ክፍል በሚሠሩት ሽማግሌ ጸሐፊ ስም ነው። ሽማግሌው ግን ወንድማቸው ሞቶ ጉደር ለቅሶ ላይ ናቸው።

«የሁሉም ፓስወርድ አንቺ ጋ ነው። ሌላ ማን ይገባል?» አላት።

«እኔ ጋ የለም።»

«ዳታቤዙን የምትይዢው አንቺ፣ የለም የምትይው አንቺ።»

ስክሪኑን አዞረችለት። ከየስሙ ጎን ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ክምር ነበር። «ማሽኑ ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው። የተፈጨ በርበሬ ተመልሶ ዛላ ይሆናል? እኔ መቀየር እንጂ ማየት አልችልም። በሳቸው ስም ለመግባት ቀይሬባቸው ከሆነ ደግሞ የራሳቸው ፓስወርድ አይከፍትላቸውም። ሽማግሌው ይምጡና ይሞክሩት።»

«ካልከፈተ ነገ እዚህ አትገቢም። ጉዳዩም ፖሊስ ጋ ይሄዳል።»

ተደወለላቸው። ስንጠብቅ ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ ማልቀስ ጀመረ። ልጄ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋችና ኃላፊውን አይታ መልሳ ሰበሰበችው። «ትንሽ አባብዪው፣ እማዬ» አለችኝ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ደረሱ። እግዜር ያጽናዎ አልናቸው። «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው?» እያሉ ተቀመጡ። የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው። ጻፉ፤ ማሽኑ እምቢ አለ። ኃላፊው ልጄን አየት አደረጋት። እኔም ሕፃኑን ማባበል ተውኩ።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ መነጽሬን ላውጣ» አሉ ኪሳቸውን እየዳበሱ። እንደገና ጻፉ። ከፈተ።

«ታዲያ ይህን ፓስወርድ ሌላ ማን ያውቃል?» አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አጠገቤ የሚቀመጠው ነዋ። እኔ ለቅሶ ስሄድ ተማሪው ተሰልፎ ይቅር? ቤት ጥዬ ስወጣ ቁልፉን ለጎረቤት አልሰጥም? አንተስ ባለፈው ለክርስትና ስትሄድ ያንተን ለማን ነው የሰጠኸው?»

ኃላፊው ወደ ጎን ጠረጴዛ ዞረ። አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰውዬ ቀና አላለም። ኃላፊው ስሙን ሲጠራው ተነስቶ ተከተለው፣ የኃላፊው ቢሮ በርም ተዘጋ።

ልጄ ያኔ ነው ሕፃኑን የተቀበለችኝ። እያጠባች በሌላው እጇ ኮምፒውተሩን ትንሽ ነካካችና «አባባ፣ አሁን አዲስ ይጻፉ። ለማንም አይንገሩ» አለቻቸው።

«ላንቺም?»

«ለኔም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክፍሉ ውስጥ የቀረነውም አንድ በአንድ ዞርን። ከኋላችን የሚሰማው የዚያ አንድ ጣት ድምፅ ብቻ ነበር።